ካርቶን ላይ የበቀለ ዝግባ

ኑ እስቲ፣ ወንበር ሳብ አድርጉና ጠጋ በሉ። የቸኮለ ካለም ይረጋጋ፤ አንዱ ታክሲ ቢያልፍ ሌላው ይመጣል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የፒያሳ ልጅ ነው። በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ብዙ ጎልማሳ የማይደፍረውን ደፈረች።

ኡሙሰልማ ትባላለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አራት ኪሎ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ላይ፣ የሥላሴ ጉልላት በመስኮቷ በሚታይባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቤት ሞዴል ትሠራለች። አርክቴክቶች ሊሠሩ ያሰቡትን ቤት በትንሹ ሠርታ የምታሳይላቸው እሷ ናት። ሞዴል የሚሠራ እንኳ ሌላም ሞልቷል፤ እሷ የምትታወቀው በእንጨቷ ነው። እንጨት ስላችሁ እውነት እንዳይመስላችሁ፣ ካርቶን ነው። ካርቶኑን በመርፌ ጫፍ ትጭረዋለች። ጭረቱ እንደ እንጨት ጅማት ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይቆይና አንጓ ሲያገኝ ወንዝ ድንጋይን እንደሚዞር ዞሮ ያልፋል። በላዩ የገለባ መልክ ያለው ቀለም ትቀባለች። ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ቡናማ ታለብሰውና ወዲያው በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ላዩ ሲነጣ ጭረቱ ውስጥ የገባው እዚያው ይቀራል። ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማስረጀት። ፀሐይ የሚመታውን ጎን አመድማ ታደርገዋለች፣ ዝናብ የሚረጨውን ግርጌ ታጠቁረዋለች፣ የሰው እጅ የሚደገፈውን ጠርዝ ደግሞ ታነጣዋለች። የክብሪት ቀፎ በምታክል ሰገነት ላይ አርባ ክረምት ታሳልፍባታለች ማለት ነው።

ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አባቷ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጋሽ ሙሄ የእንጨት ሥራ ቤት ሳንቃ ተሸካሚ ነበሩ። ምሳ ይዛላቸው ስትሄድ በሩ ላይ ትቆምና መላጊያው ሳንቃውን ሲልጠው፣ ከሥሩ ያ ጅማት ብቅ ሲል ታያለች። ጋሽ ሙሄ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ጊዮርጊስ ጀርባ ያረጁ አናጢ ናቸው። ሙሄ የገጠመውን በር ሌባም አይከፍተው፣ ክረምትም አያሳብጠው ይባልላቸው ነበር። ልጃቸው የሲን ከሰጋቱራው ውስጥ ቀና ባለ ቁጥር ልጅቱን በሩ ላይ ያገኛታል። እሷ እንጨቱን ነው የምታየው፤ እሱ ግን እኔን ነው ብሎ አሰበ። ለዓመታት እንደዚያው መሰለው። እውነቱን በነገረችው ጊዜ አንጀቱ እስኪታመም ሳቀ፤ ለነገሩ ያኔ ጊዜው አልፎ ነበር፣ ዓይኗ ከእንጨቱ ወደ እሱ ከዞረ ቆይቷል።

ስልክ ጠፍቶ አይደለም፣ እሷ ቀለም በያዘች ቁጥር ስልኳን ስለምትዘጋ የሲን ደብዳቤ ይጽፍላታል። ወረቀቱም እጁ ላይ የሚገኘው ነው፤ እንጨት የሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት። በሻካራው ፊት እንጨት ይፈትጋል፣ በጀርባው በአናጢ እርሳስ ፍቅሩን ይጽፋል። "ዛሬ ስድስት ወንበር ጨረስኩ። ስድስቱም ላይ አንቺ ተቀምጠሽ ታየሽኝ። እንዴት አድርጌ ልሽጣቸው?" ብሎ የላከላትን ዛሬም ድረስ ይዛዋለች። ስታነበው ጣቶቿን ይቧጭራታል፣ እሷም ደስ ይላታል።

ጋሽ ሙሄ ግን ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ዛሬ ሁለት የቤት ዕቃ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከሳንቃ ተሸካሚያቸው ልጅ ጋር ሲሆን ዘመድ ምን ይለኛል አሉ። ሙያዋንም አልወደዱላትም። እንጨት ማስመሰል ለእሳቸው ሰው ማታለል ነው። የሲን ዓመት ሙሉ ለመናቸው። እናቱ እትዬ ሀጂራም በጎን ለመኑ። ዒድ ሲቃረብ ጋሽ ሙሄ ላላ አሉ፤ ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብለው ቃል ሰጡ። ኡሙሰልማ ያን ቀን የተከፈተ ቀለም ሳትከድን ወደ ቤቷ ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም።

* * *

አሁን ነገሩ ወደ ተበላሸበት ቀን ልውሰዳችሁ።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ዕድሩ ግን አልተበተነም። እስላሙም ክርስቲያኑም በወር አንድ እሑድ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ በተከራዩት የዕቃ ማስቀመጫ ቤት፣ በድንኳኑና በተደራረበው ወንበር መሀል ይሰበሰባል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረትንሣኤ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ የድሮው መንገዳችን ከነቤቱ በሞዴል ይሠራልን፣ የልጅ ልጆቻችን ይዩት። ሥራው ለኡሙሰልማ ተሰጠ። ከቤቶቹ ሁሉ ዓይን የሚስበው ባለ ሰገነቱ ነበር። ያን ሰገነት ኡሙሰልማ ልጅ ሳለች ከዝግባ የሠሩት ጋሽ ሙሄ ናቸው።

ሞዴሉ ለአባላቱ የቀረበ ዕለት ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶታል።

"ይሄ የኔ ዝግባ ነው" አሉ። "ከሰገነቱ ሳንቃ ሰንጥቃችሁ ነው የሠራችሁት። እኔ እኮ ማገዶ ሆኖ ቀረ ብዬ ስንት ሌሊት አዘንኩ። አስቀርታችሁልኛል።" ወደ ኡሙሰልማ ዞሩና ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" አሏት።

ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር እንዳልላችሁ፣ አልከፈተችም። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሦስት ጊዜ ያህል ተነፈሰች። በዚህ መሀል አማኑ የሚባለው፣ ቀልዱ ከአፉ የሚቀድም የአራዳ ልጅ፣ የሞዴሉን ሰገነት ከቦታው ነቀል አድርጎ ገለበጠው።

"ፋዘር፣ ዝግባዎ የት ገበያ እንደበቀለ ይዩት" አለ። ከሥሩ የብስኩት ካርቶን ነበር፤ የብስኩቱ ሥዕል ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰዉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነበር። ጋሽ ሙሄ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወረዱና ወጡ። በፒያሳ ቀልድ ከታክሲ ይቀድማል። ሳይመሽ "ጋሽ ካርቶን" የሚል ስም ወጣላቸው። አርባ ዓመት በመላጊያ የተሠራ ስም በአንድ ቀን ተላጠ።

ማታውኑ ለየሲን ቁርጡን ነገሩት። ያቺ ልጅ በብስኩት ካርቶን አስለቀሰችኝ፣ ቆማም አየችኝ፤ ሽማግሌ አይሄድም አሉት።

በማግስቱ ለኡሙሰልማ አንድ የብርጭቆ ወረቀት ደረሳት። በጀርባው ሦስት ቃል ብቻ ነበር። "ለምን ዝም አልሽ?"

ደጋግማ አነበበችው። ስሟ የለበትም፣ ስሙም የለበትም። እሱም ፈረደብኝ ብላ አሰበች። ወረቀቱን ገልብጣ ሻካራውን ፊት በመዳፏ ዳበሰችው፤ ያን ቀን ግን መቧጨሩ ደስ አላሰኛትም።

* * *

አንዳንድ ሰው ሲከፋው ይተኛል፣ አንዳንዱ ይጮኻል። ኡሙሰልማ ጠረጴዛዋን አጸዳች። ብሩሾቿን አንድ ባንድ አጠበች፣ ቀለሞቿን በየተራቸው ደረደረች። ከዚያ ተቀምጣ ያን ጥያቄ ራሷን ጠየቀች። መልሱን እስክታገኝ ለየሲን አልጻፈችም። ባገኘችው ጊዜም አልጻፈችም፤ መልሱ መጀመሪያ የሚገባው ለአባቱ መሆኑን አውቃለች።

ወርኃዊው ስብሰባ ሳምንት ሲቀረው አቶ ገብረትንሣኤ አማኑን አስከትለው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። አማኑ እንደ ወትሮው አይደለም፣ አንገቱን ደፍቷል። ጋሽ ሙሄ ከቤት መውጣት አቁመዋል፣ የቀልድ ነገር እኮ ነበር አለ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስንጥር አወጣ። እውነተኛ ዝግባ ነው፤ ከአንድ የተጣለ መስኮት ላይ አግኝቶት ነው። አቶ ገብረትንሣኤ ነገሩን በለዘበ አንደበት አስረዱ። ይህችን ከሰገነቱ አንድ ጎን ለጥፊያት፤ እኛ ደግሞ እውነተኛው ዝግባም ነበረበት፣ አማኑ የገለበጠው ሌላውን በኩል ነው እንላቸዋለን። ሽማግሌው ስማቸው ይመለሳል፣ አንቺም ቤትሽ ይቀናል። ለእርቅ የተባለ ነገር ኃጢአት የለበትም፣ ልጄ አሉ።

እውነት ለመናገር ምክሩ ክፉ አልነበረም። ስንቱ ትዳር በእንዲህ ያለ ስንጥር ተገጥሞ ኖሯል። ኡሙሰልማ ስንጥሩን ተቀበለች፣ አሸተተችው፣ ጅማቱን አየችው። ለአንድ አፍታ እጇ ወደ ሙጫው ሄዷል። ከዚያ በሁለት እጇ ለአማኑ መለሰችለት።

"አንዱን ውሸት በዝምታ ዋሽቻለሁ" አለች። "ሁለተኛውን አፍ አውጥቼ አልዋሽም፣ ጋሼ። እሑድ ስብሰባው ላይ የመናገር ዕድል ይስጡኝ።"

አቶ ገብረትንሣኤ፣ ሰውየው ካልመጡስ ብለው ጠየቁ። እንዲመጡ አደርጋለሁ አለች።

ዓርብ ዕለት እጅ መንሻ ሳትይዝ፣ ሰው ሳታስከትል፣ ብቻዋን የጋሽ ሙሄን በር አንኳኳች። ሽማግሌ መጠበቅ የሚገባት ልጅ ራሷ እንዲህ መምጣቷ በአገራችን ወግ አይደለም፤ እሷም ታውቃለች። እትዬ ሀጂራ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ዓይናቸው ያበጠ ነው። አላይሽም ብለዋል ልጄ፣ ሂጂ፣ እባክሽ አሏት በሹክሹክታ።

ኡሙሰልማ ግን በሹክሹክታ አልመለሰችም። ከውስጥ እንዲሰማ አድርጋ፣ ሳትቆጣ ተናገረች። "እትዬ፣ ይንገሩልኝ። ያፈሩት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታዬንም በጓዳ አልጠይቃቸውም። እሑድ ጠዋት በዚያው ሰው ፊት እናገራለሁ። ካልመጡ ለባዶ ወንበራቸው እናገራለሁ።"

ከውስጥ ከዘራ ወለሉን ሲነካ ተሰማ። ደረጃውን ስትወርድ ልቧ በዚያ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ።

* * *

እሑድ ሆነ። ከቅዳሴ የወጡት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ፣ ሌሎቹም ከየተበተኑበት ደረሱ። ሞዴሉ መሀል ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሽ ሙሄ የሉም። የየሲን ወሬም የለም። አቶ ገብረትንሣኤ ስብሰባውን ለማቆየት ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ ሁለቴ አነበቡ፤ ማንም ልብ አላለም።

በሦስተኛው ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ላይ ከዘራ ተንኳኳ። ጋሽ ሙሄ ገቡ። የሲን ከኋላቸው ነው። አባትየው ከፊት ካለው ወንበር ተቀመጡ፣ ልጅየው በሩ ሥር ቆመ። ኡሙሰልማ አየችው። ከስቷል። እሱም አያት፣ ግን ከፊቱ ምንም ልታነብ አልቻለችም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይበልጥ አሳመማት።

ተነሣች። እጇ ላይ ቡናማ ቀለም ነበረባት፣ ስታጥበውም አይለቅም።

"አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አደራችሁ" አለች። "ባለፈው ወር እዚህ ቆሜ ጋሽ ሙሄ ሲሳሳቱ አየሁ። አስቤ ያደረግሁት አይደለም፣ በእሳቸው ልቀልድም አልፈለግሁም። ግን መሳሳታቸውን ከሁላችሁ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር። አልተናገርኩም።"

አማኑ የጫማውን ክር ያስር ጀመር፤ ክሩ ግን የታሰረ ነው።

ጋሽ ሙሄ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እሷን ሳያዩ ተናገሩ። "ይህንንማ አውቃለሁ። የማላውቀው ሌላ ነው። ለምን ዝም አልሽ?"

ያው ጥያቄ ነው። ያቺ የብርጭቆ ወረቀት በአባትየው አፍ መጣች። ኡሙሰልማ በሩ ሥር ወደቆመው የሲን ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው።

"ደስ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ" አለች።

ማጉረምረም ተሰማ። ቀጠለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ግን አልተሰበረም።

"አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የእርስዎን ሳንቃ ተሸከመ። እኔ በርዎ ላይ ቆሜ አደግሁ፤ ወደ ውስጥ ግቢ ያለኝ የለም፣ እኔም አልገባሁም። እንጨትን ያወቅሁት እርስዎ ሲልጉ አይቼ ነው። ይህን ሰገነት ስሠራ እያንዳንዱን ሳንቃ እርስዎ ከላጉት ትዝታዬ ነው ያወጣሁት። ያን ቀን 'የኔ ዝግባ ነው' ሲሉ፣ 'ልጄ' ሲሉኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የቤትዎ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ያንን በገዛ አፌ ማፍረስ ከበደኝ። ለሦስት ትንፋሽ ደስታ ብዬ ስምዎን ለሳቅ ሰጠሁት። ልጅዎን ባይሰጡኝ አልፈርድብዎትም። ይህን ሳልነግርዎ ከቀረሁ ግን በራሴ እፈርዳለሁ።"

ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ወደ ሞዴሉ አዞሩ። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

የሲን ከበሩ ሥር ተናገረ። "የጻፍኩልሽ ልከስሽ አልነበረም" አላት፤ ሰው መኖሩን የረሳ ይመስላል። "አባቴ በየቀኑ ያንን ይጠይቀኛል። የምመልስለት አጣሁ። አንቺ የምታውቂ ስለመሰለኝ ነው የጠየቅሁሽ።"

ወር ሙሉ ፍርድ ነው ብላ የተሸከመችው ነገር ጥያቄ ብቻ ነበር። ኡሙሰልማ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። አልጠረገችውም።

ጋሽ ሙሄ ተነሡ። ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ልንካው ወይ ብለው ጠየቁ። ይንኩት አለች። በአውራ ጣታቸው ጥፍር የሰገነቱን ግርጌ ተከተሉት፣ የጠቆረውን፣ ቀጥሎ የነጣውን ጠርዝ። አንድ አንጓ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይችን አንጓ ታስታውሺያታለሽ?" አሏት። "የቤቱ ባለቤት፣ ታስጠላለች፣ ቀይርልኝ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት።"

"ሲልጉ አየር ላይ የበረረው ፍቅፋቂ በአንጓዋ ቦታ ቀዳዳ ነበረው፣ ጋሼ። እኔ ይዤው ሄድኩ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ሰገነቱ ስንት ቀን እንደፈጀባት ጠየቋት። አሥራ ዘጠኝ አለች።

"እኔ ዋናውን በአሥራ አንድ ነው የጨረስኩት" አሉ ጋሽ ሙሄ።

ሰዉ ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ውስጥ እሳቸውም ነበሩበት። አማኑ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ። እሳቸውም በከዘራቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ቁርጭምጭሚቱን መቱት፤ ለእሱ የሚበቃው ያ ነበር።

ከዚያ ወደ ኡሙሰልማ ዞሩ። ፊታቸው እንደገና ጠበቅ አለ።

"ማስመሰል አልወድም፤ ዛሬም አልወድም" አሉ። "ዛሬ ግን አላስመሰልሽም። እናትሽ ከሰፈር ከተነሣን ወዲህ የት ገቡ?"

"ገላን ናቸው፣ ጋሼ።"

"ሩቅ ነው።" ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ ዕድሩ ዳኛ ዘወር አሉ። "ገብረትንሣኤ፣ ያንተ ጉልበት እንዴት ነው? የኔ ሽማግሌዎች ገላን ድረስ የሚሄዱት በማለዳ ነው። ከፊት የሚቀመጠው አንተ ነህ።"

አቶ ገብረትንሣኤ፣ ጉልበቴን ተወው፣ በቃሬዛም ቢሆን እሄዳለሁ አሉ። ኡሙሰልማ ግን አልሰማቻቸውም። በሩ ሥር የሲን ቆሟል። እሷ እያየችው ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንን እንደምታይ ሁለቱም ያውቃሉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወጋችን እዚህ ላይ ይቁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አንድ ቀን የማይገባችሁ ምስጋና በሰው ፊት ቢሰጣችሁ፣ እሱን ለመመለስም አንደበታችሁ ቢከብዳችሁ፣ ያን እሑድ ጠዋት ቀለም የነካ እጇን አጣምራ የቆመችውን ልጅ አስታውሱልኝ።